ማን ጻፍ አለህ?

ሥራ ፈት አልወድም። ሳይታዘዝ የሚሠራ ግን ይብስብኛል። ሥራ ፈቱ ቢያንስ የት እንደተጋደመ ይታወቃል፤ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚለውን በምን ትይዘዋለህ? እኔ ዕድሜዬን መዝገብ ቤት የፈጀሁ ሰው ነኝ። በእኛ ጊዜ አንዲት ደብዳቤ እንድትጻፍ መጀመሪያ የሚያዝ ሰው ነበረ፤ ቀጥሎ የሚያረቅ፣ ከዚያ የሚተይብ፣ ከዚያ የሚፈርም፣ በመጨረሻም ቁጥርና ቀን ሰጥቶ ወጪ መዝገብ ላይ የሚያሰፍር። ካርቦኑ እስኪነጣ ድረስ ይሠራበታል። ከራሱ አመንጭቶ አንድ ገጽ የጻፈ ሰው «ማን ጻፍ አለህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልስ ካጣ የወረቀቱን ነገር በደመወዙ ቀን ያገኘዋል።

ይኸው በስተርጅና ልጄ ከውጭ የላከችልኝ አዲስ ላፕቶፕ እፊቴ ተቀምጦ ቀን ከሌት ይጽፋል። ምን እንደሚጽፍ አይነግረኝም። ድምፅ እንኳ የለውም። የድሮው ሃርድ ዲስክ ሲሠራ ይንኮሻኮሽ ነበር፤ ክርር ክርር ሲል ትሰማና «ምን ገጠመው?» ትላለህ። ይሄ ኤስኤስዲ የሚሉት ግን ውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ድምፁን አጥፍቶ ነው ጉዱን የሚሠራው።

ጉዱን ያወጣው የጎረቤቴ ልጅ ነው። ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ ቡና ሳይጠጣ አይነሳም። የአማርኛ ኪቦርድ ሊጭንልኝ መጥቶ «ጋሼ፣ እግረ መንገዴን የዲስኩን ጤና ልይልዎ» አለና ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ፕሮግራም ከፈተ። በሰማያዊ «ጤናማ» ይላል። ከጎኑ ሙቀቱ፣ የሠራበት ሰዓትና ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ተደርድሯል። ከእነዚህ መካከል አንዲት መስመር አለች፤ እስካሁን በዲስኩ ላይ የተጻፈው ጠቅላላ መጠን። ከ1 ቴራባይት በላይ! ላፕቶፑ እቤቴ ከገባ ገና ሁለት ወር አልሞላውም።

እንግዲህ እኔ የምጽፈው የእድራችንን ቃለ ጉባኤ ነው። ሌላ የምጽፈው የለኝም። ወረቀትና እርሳስ አንሥቼ አሰላሁት። የእኛ ፊደል ኮምፒውተሩ ዩቲኤፍ 8 በሚለው አጻጻፍ አንዱ 3 ባይት ይበላል፤ የፈረንጁ 1 ባይት ብቻ ነው፤ ይህን ቅሬታ ለሌላ ቀን ላቆየው። አንድ ገጽ 2,000 ፊደል ይይዛል ብንል 6 ኪሎባይት ሆነ። 1 ቴራባይት ማለት ታዲያ ከ160 ሚሊዮን ገጽ በላይ ነው። ለእያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ፣ ለተወለደውም ለሸመገለውም፣ አንድ አንድ ገጽ ደብዳቤ ብጽፍለት ገና ይተርፈኛል። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን የጻፍኩት ሁለት እድርተኞች መዋጮ አለመክፈላቸውንና የድንኳኑ ካስማ መጥፋቱን ነው።

«ማነው የሚጽፈው?» አልኩት።

ልጁ ሪሶርስ ሞኒተር የሚለውን ከፈተና ብዙ የሚጽፈው ከላይ እንዲመጣ አደረገው። ከላይ የመጣው ስም ምን ይላል? «ሲስተም»። እኔ ባንክ ሄጄ ጡረታዬን ስጠይቅ «ሲስተም የለም» እየተባልኩ ስንት ቀን ተመልሻለሁ። ለካ እኔ ቤት ገብቶ እየጻፈ ኖሯል!

ልጁ ሳቀና ነገሩን ከሥሩ ጀመረልኝ። ይህ ፍላሽ የሚባል ማስታወሻ የጃፓኑ መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ በቶሺባ ሳለ የፈለሰፈው ነው፤ ዛሬ ኤስኤስዲ ውስጥ ያለው ናንድ የሚባለው ዓይነት በ1987 እ.ኤ.አ. ለዓለም ቀረበ። አሠራሩ ኤሌክትሮኖችን በቀጭን መከላከያ አሳልፎ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ መቆለፍ ነው። መብራት ቢጠፋም ከተቆለፉበት አይወጡም። ነገር ግን በጻፉበትና በደመሰሱበት ቁጥር ያ መከላከያ ይዳከማል። ማንበብ እምብዛም አይጎዳውም። የሚጨርሰው ጽፎ መደምሰስ ነው።

የቀሩትን ነገሮች እንኳ እሺ፤ አንዷ ግን እስካሁን አልተዋጠችልኝም። ፍላሹ ላይ የሚጻፈው ገጽ በገጽ ነው። ስሙም ገጽ ነው። መደምሰስ ግን በገጽ አይቻልም፤ ብሎክ የሚሉት፣ ብዙ መቶ ገጾች የያዘ ጥራዝ በሙሉ አንድ ላይ ነው የሚደመሰሰው። ስለዚህ «ካስማ» የሚለውን «ካስማዎች» ብዬ ባርም፣ ዲስኩ የታረመውን ባዶ ገጽ ፈልጎ እንደ አዲስ ይጽፈዋል፤ አሮጌው ገጽ እዚያው ሞቶ ይቀመጣል። የሞቱት ሲበዙ ደግሞ በሕይወት ያሉትን ገጾች ወደ ሌላ ጥራዝ ገልብጦ አሮጌውን ጥራዝ ጠቅላላ ይደመስሳል። እኛ መዝገብ ቤት አንድ ፊደል ለማረም መዝገቡን በሙሉ ወደ አዲስ መዝገብ እንገልብጥ ብንል ኖሮ አለቃችን አማኑኤል ያስገባን ነበር። ለዚህ ነው እኛ አንድ ስንጽፍ እሱ ውስጥ ለውስጥ ሁለትና ከዚያም በላይ የሚጽፈው። ዲስኩ ጢም ብሎ ሲሞላ ደግሞ መገልበጫ ቦታ ስለሚያጣ ነገሩ ይብሳል። ሩቡን ባይሆን አምስተኛውን እጅ ባዶ ተውለት የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ደግሞስ ዕቃው ራሱ የድሮው መሰላችሁ? መጀመሪያ በአንዷ ክፍል አንድ ቢት ብቻ ነበር የሚቀመጠው፤ ወደ 100,000 ጊዜ ተጽፎ ይደመሰስባት ነበር። ቀጥሎ ሁለት አደረጉባት፤ ቀጥሎ ሦስት። አሁን ርካሽ በሚባሉት ላይ አራት ቢት አጭቀውባታል። አራት ቢት ማለት በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ 16 የተለያየ የኤሌክትሪክ ደረጃ ለይቶ ማወቅ ነው። ሦስት ቢት የያዘችው ከ1,000 እስከ 3,000 ጊዜ ያህል ትችላለች፤ አራት ቢት የያዘችው ከዚያም ታንሳለች። ዋጋው ረከሰ፣ ዕድሜውም አብሮ ረከሰ። እንደዚህ ዘመን ነገር ሁሉ።

ሳይታዘዙ ወደሚጽፉት ወንጀለኞች ልመለስ። የመጀመሪያው ራም ነው። ላፕቶፑ 8 ጊጋባይት ራም አለው፤ ሻጩ ለልጄ «ይበቃል፣ ይተርፋል» ብሏታል። አይበቃም። ባለቤቴ ብራውዘር ላይ የከፈተችውን አትዘጋም፤ የዶሮ ወጥ አሠራር፣ የቅዳሴ ቪዲዮ፣ የጉልበት ሕመም መድኃኒት፣ ሁሉም በየታባቸው ተገትረው ይከርማሉ። ራሙ ሲጠበው ሲስተሙ ለጊዜው የማይፈለገውን አንሥቶ ዲስኩ ላይ ይጽፋል፤ ሲፈለግ መልሶ ያነባል፤ ደግሞ ሌላውን ይጽፋል። ይህን ሳውቅ ባለቤቴን ተቆጣሁ። «አንተ ጋዜጣህን መቼ ጣልክ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የእኔ ጋዜጣ ግን ቁም ሣጥን ላይ ነው ያለው፣ ምንም አይጽፍም።

ሁለተኛው ብራውዘሩ ነው። ብራውዘሮች ድንገት ቢዘጉ የከፈትካቸው ገጾች እንዳይጠፉ በየጊዜው ዝርዝራቸውን ዲስኩ ላይ ያሰፍራሉ። ለምሳሌ ፋየርፎክስ፣ ካልነኩት በስተቀር፣ እንቅስቃሴ ባለ ቁጥር በየ15 ሰከንዱ እንዲያስቀምጥ ሆኖ ነው የሚመጣው። በየ15 ሰከንዱ የሚናዘዝ ምን ዓይነት ሕመምተኛ ነው? መብራት ድርግም በሚልበት አገር ጥቅሙ ይገባኛል። እኔም በመብራት ምክንያት የዳበረ ልማድ አለኝ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ስጨርስ ሴቭ አደርጋለሁ። ግን ላፕቶፕ ባትሪ አለው! ልጁ የአድራሻው ቦታ ላይ «አባውት ኮንፊግ» ብሎ ጽፎ 15,000 ሚሊሰከንድ የሚለውን ወደ አምስት ደቂቃ አስረዘመው። ቪዲዮና ሥዕል የሚያጠራቅምበትንም ጓዳ አሳነሰው።

ሦስተኛውን ስሙን አልጠራም፤ ሁላችሁም ስልካችሁ ላይ አለ። መልእክት መላላኪያ ነው። እኔ ላፕቶፑ ላይ ያስጫንኩት የእድሩን ማስታወቂያ ለመላክ ነበር። ወዲያው የሰፈሩ፣ የዘመድ አዝማዱ፣ አብረን የተማርነው፣ የማላውቀው ሰው ሠርግ፣ ሁሉም ተግተልትሎ ገባ። አንዱ የሌላውን መልካም ልደት ቪዲዮ ያስተላልፋል፤ አምስት ቡድን ውስጥ ካለህ አምስት ጊዜ ይደርስሃል። እኔ ከፍቼ ባላየው እንኳ እሱ አውርዶ ያስቀምጥልኛል። በራሱ ጊዜ ማውረዱን ስናጠፋው የዕለቱ ጽሕፈት ወዲያው ቀነሰ። ኢንተርኔቱም ተረፈልኝ።

አራተኛው የልጅ ልጄ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ለጥናት ብሎ ይወስደዋል። የሚያጠናው ጌም ነው። ጌሙ በየጊዜው አፕዴት ይፈልጋል፤ አንዱ አፕዴት ብቻ ብዙ ጊጋባይት ነው። ከማውቃቸው ጸሐፊዎች ሁሉ አንደኛ የወጣው ይሄ ነው፤ አንድ ፊደል ግን አልጻፈም።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ማጥፋቱ ነው። ዊንዶውስ ቶሎ ለመነሣት ሲል «ፋስት ስታርታፕ» የሚሉት ነገር አለው፤ «ሻት ዳውን» ሲባል የሲስተሙን እምብርት ዲስኩ ላይ ጽፎ ነው የሚተኛው። አጥፋ ስትለው እንኳ ይጽፋል! ልጁ ይህን ዘጋልኝ። አሁን ሲነሣ ትንሽ ይዘገያል። ይዘግይ፤ እኔም ስነሣ እዘገያለሁ።

ለነገሩ ለእኔ ብቻ የመጣ መዓት አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የስፖቲፋይ ሙዚቃ ማጫወቻ ኮምፒውተር ላይ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ እንኳ በቀን በአሥርና በመቶ የሚቆጠር ጊጋባይት ይጽፍ እንደነበር ተጠቃሚዎች ደርሰውበት ጩኸት ተነሣ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር አካባቢ አረሙት። መኪናም አልቀረለትም። የቴስላ ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ መኪኖች መካከለኛው ስክሪን ኮምፒውተር 8 ጊጋባይት ፍላሽ ነበረው። ሶፍትዌሩ የውሎ መዝገቡን ሲጽፍ፣ ሲጽፍ፣ ሲጽፍ ፍላሹን ጨረሰው። ስክሪኑ ጠቆረ፣ የኋላ ካሜራውም አብሮ ጠፋ። በ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ወደ 135,000 መኪና ለጥገና ተጠራ። መኪናው ሞተሩ ደኅና፣ ጎማው ደኅና፣ በማስታወሻ ብዛት ታመመ! ይህንን ለእድሩ ሰብሳቢ ስነግረው «ቃለ ጉባኤው ይጠር ብዬህ አልነበር?» አለኝ። ሰው ነገርን ወደ ራሱ ጉዳይ መጎተት ይወዳል።

የሊኑክስ ሰዎች ደግሞ ሌላ ጉድ ነበረባቸው። ድሮ ሲስተሙ አንድ ፋይል በተነበበ ቁጥር «በዚህ ሰዓት ተነቧል» ብሎ ዲስኩ ላይ ይጽፍ ነበር። ስታነብ መጻፍ! በ2009 እ.ኤ.አ. ነው ይህን አባዜ እንደ ነባሪ ደንብ ያለዘቡት፤ ጨርሶ የሚያጠፉትም አሉ። እዚህ ላይ ግን አልፈርድባቸውም። እኛም ፋይል ያወጣ ሰው ሳይፈርም አይሄድም ነበር።

አሁን ስለ ዲፍራግ ላንሣና ሆዴ ይባባ። ድሮ በዊንዶውስ 98 ዘመን ቢሮ ውስጥ እሑድ ተረኛ ስሆን ዲፍራግ እከፍት ነበር። ስክሪኑ በትንንሽ ባለቀለም ሣጥኖች ይሞላል፤ አንዷ ከዚህ ተነሥታ እዚያ ትሄዳለች፣ ሰማያዊው ከሰማያዊ ጋር ይሰለፋል። ምንም ሳልሠራ ሥራ ስሠራ እውል ነበር። አንድ የመዝገብ ቤት ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ደስታ አለው? ለኤስኤስዲ ግን ይህ መርዝ ነው ይሉኛል። የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ ፋይሉ ቢበታተንም እምብዛም አይዘገይም፤ ሣጥኖቹን ማሰለፍ ማለት ያለ ጥቅም እንደገና መጻፍ ብቻ ነው። ያም ሆኖ አንድ የሱቅ ባለሙያ «በየወሩ ዲፍራግ ያድርጉት» ብሎኝ ነበር። በቦታው አሁን ትሪም የሚሉት መጥቷል፤ ሲስተሙ ለዲስኩ «እነዚህን ገጾች ሰርዣቸዋለሁ፣ አትሸከማቸው» ብሎ ይነግረዋል። ዊንዶውስ ኤስኤስዲ መሆኑን ካወቀ «ኦፕቲማይዝ» በሚለው ስም በየሳምንቱ ራሱ ያደርገዋል። ባለቀለም ሣጥን የለውም። አንድ መስመር ነው፤ «ተሠርቷል» ይልሃል፤ በቃ።

እኔማ ሁሉንም ዝጋልኝ ብዬ ነበር። ራሙ ሲጠበው የሚጽፍበትን ፔጅ ፋይል ጭምር። ልጁ እምቢ አለ። «ጋሼ፣ ፔጅ ፋይሉን ጨርሰን ካጠፋነው ራሙ ሲሞላ ፕሮግራሞቹ እየሞቱ ያስቸግሩዎታል። የእትዬን ታብ ብንቀንስ ይሻላል» አለኝ። እትዬ ከጓዳ ሰምታለች። የታቡ ጉዳይ በዚያው ተዘጋ። ታቦቹ ግን አልተዘጉም።

ከዚያ ልጁ ሊያጽናናኝ ብሎ ሒሳብ ሠራልኝ። እንዲህ ያለ 512 ጊጋባይት ዲስክ አምራቹ 300 ቴራባይት እስኪጻፍበት ዋስትና ይሰጠዋል። በቀን 30 ጊጋባይት ቢጽፍ 10,000 ቀን ይቆያል። 10,000 ቀን ለ365 ሲካፈል 27 ዓመት።

እኔ ሰባን ካለፍኩ ቆይቷል።

ልጁ ቁጥሩን አየ፤ እኔን አየ፤ ስኒውን አነሣ። «እንግዲህ... ጋሼ... ዕድሜ ይስጥዎ» አለና ባዶውን ስኒ ጠጣ። ከዚያ ወሬ ለመለወጥ ብሎ የአንድ ሙከራ ታሪክ አመጣ። ቴክ ሪፖርት የሚባሉ አሜሪካውያን በ2013 እ.ኤ.አ. 250 ጊጋባይት ገደማ የሚይዙ ስድስት ኤስኤስዲዎች ሰብስበው እስኪሞቱ ድረስ ጻፉባቸው። አንዱም 700 ቴራባይት ሳይሞላ አልወደቀም። የመጨረሻው፣ ሳምሰንግ 840 ፕሮ፣ የሞተው በ2015 እ.ኤ.አ. ከ2.4 ፔታባይት በኋላ ነው። «ስለዚህ አይጨነቁ፤ ዲስኩ ቀድሞ...» ብሎ ጀምሮ እንደገና ዝም አለ። ጨዋ ልጅ ነው አላልኳችሁም?

ግን እኮ እኔ የጠየቅኩት መቼ ይሞታል ብዬ አይደለም። ማን ጻፍ አለህ ነው ያልኩት። ለዚያ መልስ የሰጠኝ የለም። በዚያ ላይ ዲስክ በመጻፍ ብዛት ብቻ አይሞትም፤ መቆጣጠሪያው አንድ ቀን ጧት እምቢ ካለ 27 ዓመት ቀረው የሚለው ሒሳብ ምን ይረባል? ራሙም ተበይዶበታል፣ ዲስኩም ተበይዶበታል፤ ነቅሎ መለወጥ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ቃለ ጉባኤውን ተነቃይ ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ፣ አትሜም በፋይል አስቀምጣለሁ። ልጁ የጤና መከታተያውን ፕሮግራም ሁልጊዜ ክፍት ልተውልዎ ሲለኝም ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅኩ። ያየውን ታሪክ በየጊዜው መዝግቦ ያስቀምጣል አለኝ። የት? እዚያው ዲስኩ ላይ! ዝጋው አልኩት። አሁን ቁጥሩን እኔው ከፍቼ አይና ደብተር ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ።

ይህን ሁሉ ስንነጋገር የልጅ ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን የሚነካካ መስሎኝ ነበር። ለካ 27 ዓመት የምትለዋን ሰምቷታል። በነጋታው ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ «አባባ፣ ላፕቶፑ በኋላ ለእኔ ነው አይደል?» አለኝ። በኋላ የሚላት መቼ እንደሆነች እኔም ገብታኛለች፣ ለእሱም ገብታዋለች። እሺ ለአንተ ነው አልኩት፤ ሌላ ማን አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ጌሙን ወደ አባቱ ኮምፒውተር አዛውሮታል። የአያቱን ታቦች ተደብቆ ይዘጋል። ትናንት ደግሞ የእድሩን ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሼ ሴቭ አደረግኩ፤ ሁለተኛውን ጨርሼ ሴቭ ሳደርግ እጄን ያዘኝ።

«አባባ፣ ቶሎ ቶሎ ሴቭ አታድርግ እንጂ፤ ዲስኬን ትጨርስብኛለህ።»

ዲስኬን!